ባለ ሁለት እግሯ ጀልባ

ሥራዬ የጭነት መኪና ሸራ መስፋት ነው። ልጆቼ ከተማውን ጭሮ ይሉታል፤ የእኔ አፍ የለመደው ግን አሰበ ተፈሪ ነው። እዚያ መናኸሪያው ጀርባ ደጃፏ ሰፋ ያለ የቆርቆሮ ቤት አለችኝ። ከሚኤሶ ቆላ የሚወጣ የጭነት መኪናም ሆነ ከበደሳ ጫት ይዞ የሚከንፍ አይሱዙ፣ ሸራው ሲቀደድ እኔ ጋ ይቆማል። ትምህርቴ ከሦስተኛ ክፍል አላለፈም። ጀልባ የሚባል ነገር እስከ እርጅናዬ ድረስ በዓይኔ አላየሁም ነበር። ያም ሆኖ አንድ ጀልባ ሠርቻለሁ፤ እኔና ልጄ፣ ከአንድ ወዳጄ ጋር ሆነን። ለምን እንደሠራናት ልጻፍ ብዬ ነው ወረቀት የያዝኩት።

ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሩኝ። ነበሩኝ ስል እናታቸው ትቆጣለች፤ አሉኝ በል ትላለች። ትልቁ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ባሕር ሊሻገር ወጣ። ጅቡቲ መግባቱን ሰማን። ከዚያ ወዲያ ወሬው ተቆረጠ። ሞተ ብሎ ያረዳን የለም፤ አለ ብሎ ያበሠረንም የለም። መርዶ ሳይመጣ ደግሞ ድንኳን አይተከልም፣ ለቅሶ አይቀመጡም። እናቱ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ስሙን ለጸሎት ስትሰጥ፣ ካህኑ ከሕያዋን ነው ወይስ ከሙታን ብለው ጠየቋት። ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

ታናሹም የወንድሙን መንገድ ተከትሎ ሄደ። እሱ ግን ባሕሩን ሳይሻገር ጅቡቲ ወደብ ላይ ሥራ አገኘ። የፈረንጆችን ትንንሽ የመዝናኛ ጀልባዎች ያጥባል፣ ገመድ ያደርቃል፣ የተላጠ ቀለም ይፍቃል። ደህና ከረመ። ኋላ የጅቡቲ ፖሊሶች የመኖሪያ ወረቀት የሌለውን ሁሉ ሲያፍሱ እሱንም አፍሰው በመኪና ጭነው መለሱት። ከስቶና ጠቁሮ ገባ፤ ግን በእግሩ ቆሞ ነው የገባው። እኛ ቤት ያን ቀን ሠርግ ነበር ማለት ይቻላል።

ደስታው አልቆየም። ልጁ ጠዋት ይነሳና ደጃፌ ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ ይላል፤ ዓይኑ መንገዱ ላይ ነው። ወደ ድሬዳዋ የሚወርድ መኪና ባለፈ ቁጥር አንገቱ አብሮ ይዞራል። ሥራ ፈልጎ ያልረገጠው ደጃፍ የለም፤ ያገኘው ግን ጫት ማሰርና መሸከም ብቻ ነው፣ እሱም ዛሬ ኖሮ ነገ የለም። እኔ እንግዲህ መንገድ የሚያይ ልጅ ምን እንደሚያስብ አውቃለሁ፤ ትልቁም እዚያው ድንጋይ ላይ ነበር የሚቀመጠው። ይህን ልጅ በምን ላስቀረው? ሐሳቤ ሁሉ ይኸው ብቻ ሆነ።

አንድ ቀን የሸራ ጠርዝ እየያዘልኝ ሳለ ጠመኔዬን አነሳና ሸራው ላይ መሣል ጀመረ። ሁለት ረጃጅም ቃሪያ ጎን ለጎን ያጋደመ መሰለኝ። በመሃላቸው ማገር አደረገ፣ ከማገሩ ላይ ምሰሶ አቆመ፣ ከምሰሶው ላይ ሦስት ማዕዘን ሸራ ሰቀለ። ጅቡቲ ሲያጥባቸው ከነበሩት ሁሉ እጅግ የወደዳት ይህችን ዓይነቷን ነበር። ለምን ሁለት እግር አስፈለጋት ብዬ ጠየቅሁት። አንድ እግር ያላት እንዳትገለበጥ ከሆዷ በታች ከባድ ብረት ትፈልጋለች፣ ለዚያ ብረት ደግሞ ጥልቅ ውሃ ያስፈልጋል አለኝ። ባለ ሁለት እግሯ ግን አይሱዙ ላይ ቆሞ እንደሚጓዝ ሰው እግሯን አንፈራጣ ነው የምትቆመው፤ ሕፃን ልጅ የሚንቦጫረቅበት ውሃ ይበቃታል።

ሐሮ ላይ እንሥራት አለ። ሐሮ ማለት በኦሮምኛ ሐይቅ ማለት ነው፤ እኛም ወደ በደሳ በሚወስደው መንገድ ዝቅ ብሎ፣ በጫት ኮረብቶች መሃል ያለችውን ውሃ ሐሮ ብቻ ነው የምንላት። ትልቅ አይደለችም። ከወዲህ ቆመህ ከወዲያ ማዶ የሚግጥ በሬ ቀለሙን ትለያለህ። ለሠርግና ለበዓል ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ የሚመጣው ሰው ዳሯ ላይ ቆሞ ፎቶ ይነሳል፤ እሱን ነው አሳፍራለሁ የሚለው። ሰው ለመዝናናት ብሎ ውሃ ላይ ይወጣል ወይ አልኩት። እዚያማ እየሳቁ ነው የሚወርዱት አለኝ። ከጀልባ እየሳቀ የሚወርድ ሰው በሐሳቤ ልሥል ሞከርኩ፤ እምቢ አለኝ።

ለእናቱ መንገር ፈራሁ። በዚያ ቤት ጀልባ የሚል ቃል አይነሳም። ምስር እየለቀመች አጠገቧ ተቀምጬ ዙሪያውን ስዞር ቆይቼ በመጨረሻ ተናገርኩ። እጇ ቆመ። የት ነው አለችኝ። ሐሮ ላይ አልኳት። የያዘችውን ምስር ወደ ሰፌዱ መለሰች።

"የሐሮ ማዶ ይታያል" አለች። "ወዲያ የተሻገረም ሰው ተመልሶ ራቱን እቤቱ ይበላል። ሥሩለት።"

እንዲህ ሆኖ ተጀመረ።

እግሮቹን የሠራው ከጎኔ ያለው ወዳጄ ነው፤ በርና መስኮት የሚበይድ፣ ዙሁር ሰግዶ ሲመለስ ጉንጩን በጫት ወጥሮ የሚሠራ ሽማግሌ። ስንቀላለድ ነው ያረጀነው። ላሜራውን ቆርጦ፣ አጥፎ፣ በይዶ የመጀመሪያውን እግር አወጣ። ውብ ነበር፤ ግን ለአራት ሆነን ከመሬት አልነቀነቅነውም። እሱ የሚያውቀው የግቢ በር ነው፣ የግቢ በር ደግሞ ሲወፍር ነው የሚመሰገነው። ልጄ አንገቱን ደፍቶ ቀስ ብሎ፣ ትንሽ ሳሳ ቢል አለው። ወዳጄ ተኮሳተረ።

"እኔ የበየድኩትን እስከ ዛሬ ሌባ አልሰበረውም፣ ወላሂ።"

"ጋሼ፣ ውሃ ላይ ሌባ የለም" አለው ልጄ።

ወዳጄ ሳቁን መያዝ አቅቶት ጫቱን ተፋ። የተበየደውን እግር ለአንድ ቆለኛ የከብት ማጠጫ ገንዳ አድርጎ ሰጠና በስስ ላሜራ እንደገና ጀመረ። ሁለቱን እግሮች በብረት ቱቦ አያያዝናቸው፤ በመሃላቸው እኔ የአይሱዙ ሸራ ወጥሬ በገመድ ጠለፍኩ፤ ሰው የሚቀመጠው እዚያ ላይ ነው። ምሰሶዋ ቀጥ ያለ አጠና ሆነ። ከበታቿ ደግሞ ወደ ውሃው የሚወርድ አንድ ስለታም ላሜራ አለ፤ ልጄ ማረሻ ይለዋል። ንፋስ ወደ ጎን እንዳይወስዳት ውሃውን ሰንጥቆ የሚይዛት እሱ ነው። ማረሻው ካለ ንፋስ ወደመጣበት አቅጣጫ እንኳ እየተጠማዘዘች መመለስ ትችላለች።

ሸራው የእኔ ድርሻ ነበር። እዚህ ላይ ነው እጄ ያስቸገረኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰፋሁት ሸራ ንፋስን እምቢ እንዲል ነው። የመኪና ሸራ ልክ እንደ ከበሮ ቆዳ ተወጥሮ መተኛት አለበት፤ ትንሽ ሆድ ካበጀ ንፋስ ገብቶ ይቀደዋል። እኛ ሰፈር ሆድ ያለው ሸራ የሰፋ ሰው ይሰደባል፤ ሾፌሮቹ ሸራህ አረገዘ ይሉታል። ልጄ ደግሞ አባባ፣ ይህችኛዋ ሆድ ያስፈልጋታል፣ ንፋሱ የሚያድርበት ይላል። በአፌ እሺ አልኩ። መርፌ ስይዝ ግን እጄ የለመደውን ሠራ። ወጥሬ፣ አስተካክዬ፣ ጠርዙን እንደ ክር አቅንቼ ሰፋሁት።

ጀልባዋን ከመኪና መንገዱ እስከ ውሃው ያወረደልን አገሬው ነው፣ በጉዛ። ጉዛ ማለት ጎረቤት ተጠራርቶ በአንድነት የሚሠራው ሥራ ነው፤ ባለጉዳዩ ጫትና ምሳ ያቀርባል። ጉዛውን የመሩት አንድ የጫት ማሳ ያላቸው አዛውንት ነበሩ፤ ማሳቸው ከሐሮ ዳር ነው፣ ሞተራቸውም እዚያው ቆሞ ውሃ ይስባል። እየዘፈኑ ተሸክመው አወረዷት። ሽማግሌው ላሜራዋን በበትራቸው መታ መታ አድርገው፣ ይህች ነገር ታርሳለች ወይስ ትታለባለች ብለው አሳቁን።

ከሰዓት በኋላ ሐሮ ላይ ከሸለቆው በኩል ንፋስ ይነሳል። ልጄ ሸራውን ሰቀለ። ጀልባዋ ቆመች። ንፋሱ ሸራዬን እንደ ግድግዳ ይገፋዋል፣ እሷ ትንቀጠቀጣለች፣ ትንሽ ወደ ጎን ትንሸራተታለች፣ ወደ ፊት ግን ወይ ፍንክች። ዳር የቆመው ሕዝብ ሳቀ። ልጄ አልሳቀም፣ አልተቆጣምም። ወደ ዳር ሲመለስ ያ መንገድ የሚያይበት ዓይኑ ተመልሶ መጣ። እኔ ያን ዓይን ሳይ ሸራውን እዚያው ከምሰሶው አውርጄ መተርተር ጀመርኩ።

የሰፋሁትን ፈትቼ በቁራጭ በቁራጭ እንደገና ገጠምኩት። የእያንዳንዱን ቁራጭ ጠርዝ እንደ ሎሚ ክፋይ ጎበጥ አድርጌ ቆረጥኩ፤ ጎባጣ ከጎባጣ ሲሰፋ መሃሉ ሆድ ያወጣል። ይህን ለራሴ ያስተማርኩት እጄን እየተቆጣሁ ነው። ሁለተኛ ጊዜ ስንሰቅለው ንፋሱ ገባበት፣ ሸራው ሙሉውን ተነፋ፣ ጀልባዋም ሳትነግረን ተነሳች። ወዳጄ ከዳር ሆኖ ስንት ወሯ ነው እያለ ይጮሃል። ልጄ ተሻግሮ ተመለሰ። ሲወርድ እየሳቀ ነበር። እኔ የዚያን ዕለት ከጀልባ እየሳቀ የሚወርድ ሰው አየሁ፤ የራሴ ልጅ ነው።

ከጥቅምት ጀምሮ ጥሩ ወራት አሳለፍን። በዓል ሲሆን ሰው ይመጣል፣ ሙሽሮች ይመጣሉ፣ ከከተማ ተማሪዎች ይመጣሉ። ልጄ ከአራት ሰው በላይ አይጭንም ነበር። የእግሮቹ ጠርዝ ከውሃው አንድ ስንዝር ከፍ ካላለ አይነሳም፤ ሰው ቢለምነውም ቢሰድበውም አይሰማም። ማዕበል ትንሽ ናት ግን ጠርዝ ዝቅ ሲል ትልቅ ትሆናለች ይላል። እናቱ አንድ ቀን ዳር ድረስ መጣች። እሳፈራለሁ አለች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ወጣች። ማዶ ደርሰው ሲመለሱ ፊቷን ለማየት ቸኩዬ ውሃው ውስጥ በጫማዬ ገባሁ። አልሳቀችም፤ ግን እጇን ውሃው ውስጥ ነክራ እየጎተተች ነበር የመጣችው፣ እንደ ልጅ። ያን ሰሞን ልጄ ቤት ስለመከራየት፣ ስለማግባት ሁሉ ያወራ ጀመር።

ኅዳር ሲወጣ ውሃው መሸሽ ጀመረ። በጋ ነው፣ ይሸሻል ብለን ነበር። ዘንድሮ ግን ከዳር ዳር ሞተር ተተክሏል። ክረምቱም ሳይጠና ነው የወጣው፤ የጫቱ ሥር ደረቀ፣ ገበሬው ሁሉ ሐሮ ላይ ቱቦውን ጣለ። ጠዋት ስትመጣ ከትናንትናው ዳር ወዲያ ጭቃ ሆኖ ታገኘዋለህ። ማረሻው መሬት ይነካ ጀመር። ልጄ አሰበና አንድ ስንዝር አሳጠረው። ውሃው ደግሞ ወረደ፣ እሱም ደግሞ አሳጠረ። እግሮቹ ቀለል ብለው እንዲንሳፈፉ ወዳጄ ሆዳቸውን አስፍቶ በየዳቸው። ከኋላዋ ውሃ ውስጥ የሚገባውን መሪዋንም ቆርጠን አሳጠርን። የሚጫነውን ሰው ወደ ሁለት፣ ወደ አንድ አወረደ። ምን ልበላችሁ፣ ጀልባዋን ለውሃው ስናስተካክል ውሃው አይጠብቀንም።

ማረሻው በጣም ሲያጥር ንፋሱ ወደ ጎን ይወስዳት ጀመር። ከንፋሱ ጋር ወደ ማዶ ትበራለች፤ ወደ ወዲህ መምጣት ግን አቃታት። ልጄ ከማዶ ጭቃ ለጭቃ እየጎተታት ዞሮ ይመጣል። አንድ ቀን ደጃፌ ላይ ከወዳጄ ጋር ቆሞ፣ አሁን እኮ መሄድ ትሄዳለች፣ መመለስ ነው ያቃታት እያለ ያስረዳዋል። እናቱ ምሳ ይዛልን መጥታ ኖሮ ከኋላው ሰምታለች። ሰሃኑን አስቀምጣ ተመለሰች። ከዚያ ቀን ወዲህ ሐሮ አልወረደችም።

ወዳጄና እኔ ጉዛውን ወደመሩት ሽማግሌ ሄድን። ሌሎቹ የሚሰሙት እሳቸውን ነው። ሞተራቸው ጎን፣ ጥላ ውስጥ አስቀመጡን። ወዳጄ በኦሮምኛ ረጋ አድርጎ አስረዳቸው፤ ሞተሩ ቢያንስ በፈረቃ ቢሆን፣ ውሃው እስከ በልግ ቢቆይ አላቸው። እኔም በተሰባበረችው ኦሮምኛዬ ስለ ልጄ ነገርኳቸው። ስለ ትልቁም ነገርኳቸው። ሽማግሌው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ሊቆጡን ነው ብዬ ነበር። አልተቆጡም። በእኔ ቋንቋ፣ እንዲገባኝ ብለው፣ በአማርኛ ተናገሩ።

"አንተ ልጅህን ለማስቀረት ውሃው ይቁም ትላለህ። እኔም የምስበው ልጆቼን ለማስቀረት ነው። ጫቱ ከደረቀ የኔም ይሄዳሉ፤ አንዱ ጫማውን ገዝቶ ተቀምጧል። በል አንተ ንገረኝ፣ የማንን እናስቀር?"

ወዳጄ አላህ ያውቃል አለና ተነሳ። ሽማግሌው እስከ መንገዱ ሸኙን። ስንሰነባበት እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ፤ ሞተሩ ከኋላችን ይጮሃል። ሰውዬውን ልጠላቸው ሞክሬያለሁ። ለአንድ ቀን እንኳ አልተሳካልኝም።

በልጉ አልጣለም። ሐሮ መጀመሪያ ሁለት ኩሬ ሆነች፣ ከዚያ አንድ፣ ከዚያ ከብት የሚሰምጥበት ጭቃ፣ በመጨረሻም የተሰነጣጠቀ መሬት። ሞተሮቹም ዝም አሉ፤ የሚስቡት የለማ። ጀልባዋ መሃል ላይ እግሯን አንፈራጣ ቀረች። ሕፃናት ይወጡባታል፣ ፍየል ከጥላዋ ይተኛል። የሽማግሌው ልጅ ሚያዝያ ላይ ሄደ። ጫቱም አልዳነ፣ ልጁም አልቀረ።

የኔው ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። እንደ ወንድሙ ተደብቆ አልሄደም። ጠዋት ሥራ ቦታዬ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ፤ እየሰፋሁ ነው፣ ቀና አላልኩም። እንደሚሄድ ነገረኝ። እኔ ገና ሲቀመጥ አውቄዋለሁ። ቅር አልለው ነገር ምን ላቀርብለት፣ ሂድ አልለው ነገር ምን አንደበት ይዤ። ሊያጽናናኝ ፈለገ።

"አባባ፣ አይስጉ። እኔ እኮ አሁን ጀልባ አውቃለሁ። መጥፎዋን ከደህናዋ እለያለሁ፤ ክፉ ጀልባ ላይ አልወጣም።"

ይህን ነው ያለኝ። መርፌው እጄ ላይ ቆመ። ይህንን ዕውቀት ያገኘው እዚህ ነው፣ ከእኔ ጋር፣ እንዲቀር ብለን ስንለፋ። ድሮ ባሕሩን ይፈራ ነበር፤ ለዚያ ነው ወደቡ ላይ የቀረው። ፍርሃቱን ሐሮ ላይ ጨረሰው። እኔ ሸራውን ሰፋሁለት፣ እናቱ ሥሩለት አለች፣ ወዳጄ በየደለት። መርቁኝ ብሎ ጎንበስ ሲል እጄን ራሱ ላይ ጫንኩ፤ ከአፌ ግን ቃል አልወጣም። ትንሽ ጠብቆ ተነሳ።

ከባሕሩ ዳር ደወለ። ንፋስ አብሮት ይሰማል። ጀልባዋን አይቻታለሁ፣ እንጨቷ ደህና ነው፣ በእጄ ዳስሻታለሁ አለኝ። ስንት ሰው ትጭናለች አልኩት። ብዙ ነን አለ። ጠርዟስ ከውሃው ምን ያህል ከፍ ይላል አልኩት። ዝም አለ። አልተቋረጠም፣ ትንፋሹን እሰማለሁ። ተመለስ ልለው ነበር፤ ወዴት ይመለሳል? ጊዜ እንዳያልቅብኝ ብዬ የምችለውን ተናገርኩ።

"መሃል ተቀመጥ" አልኩት። "ጠርዝ ላይ አትቀመጥ፣ ሲጋፉህም አትነሳ። መሃል ላይ ሁን።"

"እሺ አባባ" አለ።

ይህን የምጽፈው ከዚያ ስልክ በኋላ ነው። ሌላ ስልክ አልመጣም። ወዳጄ ሱቁን ሲከፍት ወደ እኔ ያያል፣ እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ፣ ከዚያ ሁለታችንም ሥራችንን እንጀምራለን። ቀልድ ከተውን ሰነበትን። እናቱ ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰክታ ከጎኑ ትቀመጣለች፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ጄኔሬተር ወዳለው ሱቅ ይዛው ትሮጣለች፣ እስኪሞላም እዚያው ቆማ ትጠብቃለች።